የጠላት ቃልና የምስክርነት ዕዳ

እግዚአብሔር በደብረ ሲና ለሙሴ ከሰጣቸው ዐሥርቱ ቃላት መካከል በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ቃል፣ በአፍ የሚነገረውንና በእጅ የሚጻፈውን ነገር በቀጥታ የሚመለከት ስለ ሆነ፣ ጽሕፈትን መተዳደሪያው ያደረገ ሰው ሌትና ቀን ሊያስበው የሚገባው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የተነገረው ስለ ባልንጀራ ነው፤ ነገር ግን ባልንጀራ የተባለው ማን እንደ ሆነ አንድ ሕግ ዐዋቂ ጌታን በጠየቀው ጊዜ፣ በምሳሌው ባልንጀራ ሆኖ የተገኘው ከአይሁድ ጋር የማይተባበር፣ የስግደቱም ስፍራ የተለየ አንድ ሳምራዊ ነበረ። ስለዚህ የትእዛዙ ወሰን በወዳጅ ደጃፍ የሚያበቃ ሳይሆን ተሻግሮ እስከ ባላጋራ ሰፈር ይደርሳል። ከዚህም እጅግ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ይወለዳል፤ አገር በተወረረችበትና ልጆቿ በዱር በገደል በሚዋደቁበት ዘመን፣ ጠላቶቿ ተባብረው በአንድ ቃል መግለጫ ባወጡ ጊዜ፣ ያን መግለጫ ለወገኖቹ የሚያስነብበው ጋዜጠኛ ለጠላት ቃል የእውነተኛ ምስክርነት ዕዳ አለበትን? ወይስ ጠላት በሰይፉ ሕግን ስለ ሻረ ቃሉም ከሕግ ጥበቃ ውጭ ወድቆ፣ ጋዜጠኛው እንደ ወደደ ሊቈርጠውና ሊቀጥለው ይፈቀድለታልን?

ጥያቄው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከጉባኤ ቤት ክርክር ያለፈ ነው። መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ሴፕቴምበር 27 ቀን 1940፣ የጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፎን ሪበንትሮፕ፣ የኢጣሊያው ቆንት ቻኖና የጃፓኑ አምባሳደር ኩሩሱ በርሊን ላይ ተቀምጠው የሦስቱን መንግሥታት የቃል ኪዳን ውል ፈረሙ። ዕለቱ የመስቀል በዓል ነበረ። ማርሻል ባዶልዮ ከደሴ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን አድርጎ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ሠራዊቱን ወደ አዲስ አበባ ካስገባ ወዲህ፣ ከተማይቱ በባዕድ እጅ ሆና ያከበረችው አምስተኛው መስቀል መሆኑ ነው። ዛሬ ይህን በምጽፍበት በአያት ሰፈር በኩል ወደ ለገጣፎ፣ ወደ ሰንዳፋና ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣው መንገድ በተጨናነቀ ቍጥር፣ በዚሁ በምሥራቁ አፋፍ ምን ዓይነት ሰልፍ እንደ ገባ ከሚያስታውሱት ይልቅ የማያስታውሱት እንደሚበዙ አስባለሁ፤ ይህም ሰው ስለ ሰነፈ ሳይሆን ነጋሪ ስላጣ ነው።

የበርሊኑ ውል ስድስት አንቀጽ ብቻ ያለው አጭር ጽሑፍ ነው። በመግቢያው ሦስቱ መንግሥታት፣ የዓለም ሕዝብ ሁሉ እያንዳንዱ የሚገባውን ስፍራ ማግኘቱ ለዘላቂ ሰላም መሠረት መሆኑን እናምናለን ብለው ይናገራሉ። ቀጥሎም ጃፓን በአውሮፓ አዲስ ሥርዓት ለማቆም የጀርመንንና የኢጣሊያን መሪነት ትቀበላለች፤ እነርሱም በታላቋ ምሥራቅ እስያ የጃፓንን መሪነት ይቀበላሉ። በሦስተኛው አንቀጽ፣ በአውሮፓው ጦርነት ወይም በጃፓንና በቻይና ጠብ ውስጥ እስከዚያ ቀን ያልገባ መንግሥት ከሦስቱ በአንዱ ላይ ቢነሣ፣ በፖለቲካ፣ በኤኮኖሚና በጦር ኃይል ሊረዳዱ ይስማማሉ። የውሉ ዘመን ዐሥር ዓመት ነው። ስለ ኢትዮጵያ አንድ ቃል የለበትም፤ ስለ አፍሪካም እንዲሁ። እያንዳንዱ ሕዝብ የሚገባውን ስፍራ ያግኝ ያለው የኢጣሊያ መንግሥት፣ በዚያችው ሰዓት የአንድን ጥንታዊ ሕዝብ ዙፋን፣ ርስትና ቤተ ክርስቲያን በጦር ይዞ ተቀምጦ ነበር።

የጃፓን ስም ከዚያ ወረቀት በታች መገኘቱ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት ምን ያህል መራራ እንደ ነበረ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የ1923 ዓ.ምን ሕገ መንግሥት ሲያዘጋጁ አብነት የሆናቸው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበረ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም ወደዚያች አገር በመልእክተኝነት ሄደው ሲመለሱ ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ የእስያ ሕዝብ ሃይማኖቱንና ንጉሡን ሳይለቅ ጥበብን ከተማረ፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ ስለ ምን አይችልም የሚለው ተስፋ በዚያ ትውልድ ልብ ሥር ሰዶ ነበር። በ1929 ዓ.ም ግን ጀርመን የኢጣሊያን ገዥነት በይፋ ተቀበለች፣ ጃፓንም በአዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላነት ዝቅ አድርጋ እንደ መቀበል አደረገች። ኅሩይ በ1931 ዓ.ም መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ዐረፉና ሦስቱ ስሞች በአንድ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ሳያዩ ቀሩ። ሉቃስ ወንጌላዊ ሄሮድስና ጲላጦስ ቀድሞ ጠላት እንደ ነበሩና ጻድቁን ባንገላቱበት ቀን እንደ ተወዳጁ የጻፈውን ሳነብ፣ የእነዚህ መንግሥታት ወዳጅነት ትዝ ይለኛል፤ የተወዳጁት በአንድ ፍቅር ሳይሆን በአንድ ምርኮ ላይ ነውና።

በዚያ ውል ዘመን ለአማርኛ አንባቢ የሚታተም ጋዜጣ በሁለት ወገን ነበረ። በአዲስ አበባ የወራሪው መንግሥት የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ የሚባለውን ያሳትማል። በካርቱም ደግሞ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው ወደ ሱዳን ከደረሱ በኋላ፣ በ1928 ዓ.ም ጦርነት ጊዜ የለንደኑ ታይምስ ወኪል ሆኖ አዲስ አበባ የነበረው ጆርጅ ስቲር የፕሮፓጋንዳውን ክፍል እየመራ፣ ባንዲራችን የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ይዘጋጅ፣ በአውሮፕላንም በጎጃም ላይ ወረቀት ይበተን ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ለጥቂት ጊዜ በካርቱም ሐሩር ከማተሚያው አጠገብ እንደ ተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ሁን። የበርሊኑ ውል ዜና በእጅህ ገብቷል። ጽሑፍህን የሚያነበው፣ ካላነበበም በደብተራ አስነብቦ የሚሰማው፣ አምስት ዓመት በባዶ እግሩ የተዋጋ አርበኛ ነው። ከዓለም ኃያላን ሦስቱ ተማማሉ ብትለው ክንዱ ይዝል ይሆናል። ዜናውን ብትሰውረው ወይም ጠላቶቻችን ተጣልተው ሊታረቁ ተሰበሰቡ ብለህ ብታሳምረው ለዛሬ ሌሊት በደስታ ያድራል። ምን ታደርጋለህ?

ይህ ፈተና ለእኛ የመጀመሪያ አይደለም፤ መጽሐፈ ነገሥት አስቀድሞ አሳይቶናል። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ኢየሩሳሌምን በከበባት ጊዜ መልእክተኛው ራፋስቂስ ከቅጥሩ አጠገብ ቆሞ በአይሁድ ቋንቋ እየጮኸ ይዝት ጀመረ። የንጉሡ ሹማምንት ኤልያቄምና ባልንጀሮቹ፣ በቅጥሩ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ እንዳይሰማ በሶርያ ቋንቋ ተናገረን ብለው ለመኑት። እርሱ ግን መልእክቱ የተላከው በቅጥር ላይ ለተቀመጡት መሆኑን ነግሯቸው ከፊተኛው ይልቅ ድምፁን ከፍ አደረገ። ሹማምንቱ ያሰቡት ከክፋት አልነበረም፤ በየዘመኑ ያለ የመንግሥት ሰው የሚያስበውን፣ ሕዝብ ክፉ ዜና አይችልም የሚለውን አሰቡ። ንጉሡ ሕዝቅያስ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። ሕዝቡን መልስ አትስጡ ብሎ አዝዞ ነበር እንጂ ጆሯችሁን ድፈኑ አላለም፤ ሕዝቡም ሰምቶ ዝም አለ። የዛቻው ደብዳቤ በመጣ ጊዜም ንጉሡ ተቀብሎ አነበበው፤ አንብቦም ወደ ቤተ መቅደስ ወጣና በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። እንዳልቀደደው፣ የሚያስፈራውንም ቃል ፍቆ የሚያስቀውን ብቻ እንዳላስቀረ ልብ በሉ። ጸሎቱን እንኳ ሲጸልይ፣ የአሦር ነገሥታት አሕዛብን በእውነት እንዳጠፉ፣ ማለትም በጠላት ዛቻ ውስጥ እውነት የሆነውን ክፍል፣ በአንደበቱ መሰከረ። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለዚህ ጸሎት የላከለት መልስ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ እጅግ የሚያስደንቀኝ የጸሐፊው ሥራ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ሰው የራፋስቂስን ስድብ፣ በእግዚአብሔር ላይ የተናገረውን ጭምር፣ ሳይቀንስ መዘገበው። ቤተ ክርስቲያናችንም በሰሙነ ሕማማት የቀያፋን ቃል፣ የሐሰት ምስክሮቹን ቃል፣ ስቀለው ብሎ የጮኸውን ሕዝብ ቃል በምእመናን መካከል በግልጥ ታስነብባለች። ከዚህም አልፎ በገዳመ ቆሮንቶስ ዲያብሎስ ለፈተና የጠቀሰው የመዝሙር ቃል እንኳ በማቴዎስ ወንጌል ተጽፎ ይነበባል። ሊቃውንቱ ስለ መናፍቁ ንስጥሮስ ሲያስተምሩ ንስጥሮስ ያለውን አስቀድመው አቁመው ነው መልሱን የሚያመጡት፤ ያላለውን ብሏል ብሎ የረታ መምህር ጉባኤውን ያሳፍራል። እንግዲህ ክርስቲያን ከዲያብሎስ የሚብስ ጠላት ከሌለውና የዲያብሎስ ቃል ሳይዛባ በወንጌል ከተጻፈ፣ የሪበንትሮፕና የቻኖ ቃል ሳይዛባ በጋዜጣ የማይጻፍበት ምክንያት አይታየኝም።

አንዱ ተነሥቶ፣ የጠላት ቃል ሐሰት ከሆነ ሐሰቱን ማተም ሐሰትን ማሰራጨት አይደለምን ይል ይሆናል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ በተለይ የሰው ልብ በጦርነት ጊዜ የሰማውን ሁሉ የሚያምን ስለ ሆነ። ነገር ግን ምስክር የሚጠየቀው ስላየውና ስለ ሰማው ነው። ጋዜጠኛው እገሌ ይህን ተናገረ ብሎ ሲጽፍ የሚመሰክረው ስለ መናገሩ ነው፤ የተነገረው ነገር እውነት ስለ መሆኑና አለመሆኑ ደግሞ ሌላ ሐተታ አለና፣ እርሱን ለይቶ፣ የራሴ ፍርድ ነው ብሎ መጻፍ ይችላል፣ ይገባዋልም። ኃጢአቱ የሚጀምረው ሁለቱ የተቀላቀሉ እንደ ሆነ፣ ፍርዱ በዜናው ውስጥ ተደብቆ የገባ እንደ ሆነ፣ አንባቢውም የጠላቱን ድምፅ እየሰማ የሚመስለው የራሱን ጋዜጠኛ ድምፅ ሲሰማ ነው።

ወደ ካርቱሙ ጸሐፊ ልመለስ። ውሉን ሙሉውን፣ ስድስቱንም አንቀጽ አተመ እንበል። አስተዋይ አርበኛ፣ ወይም ለአርበኛው የሚያነብለት ደብተራ፣ በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቆም ብሎ ምን ያገኝ ነበር? መረዳዳቱ የሚጸናው እስከዚያ ቀን ወደ ጦርነቱ ያልገባ መንግሥት ሲነሣ እንደ ሆነ ያገኝ ነበር። እንግሊዝ ግን ቀድሞውኑ በጦርነቱ ውስጥ ነበረች፤ ስለዚህ ይህ ውል በኢትዮጵያ ላለው የኢጣሊያ ሠራዊት አንድ ወታደር፣ አንድ መርከብ፣ አንድ በርሚል ቤንዚን እንኳ አያስገኝለትም ነበር። የሱዌዝ ቦይ በእንግሊዝ እጅ ስለ ነበረ የወራሪው ሠራዊት ከአገሩ ተቈርጦ ቀርቷል፤ የበርሊን ፊርማም ያን ቦይ አይከፍትለትም። ሙሉው ጽሑፍ ከቁራጩ ይልቅ የሚያጽናና ነበረ ማለት ነው። ሦስት ኃያላን ተማማሉ የሚለው ራስጌ ብቻ ያስፈራል፤ ተጣልተው ሊታረቁ ነው የሚለው ፈጠራ ደግሞ ሲጋለጥ የጋዜጣውን እምነት ሁሉ ይዞት ይሄዳል። እውነቱ ግን፣ በሙሉነቱ፣ ለወገን ይሠራ ነበር። ከዚያ መስቀል በኋላ ስምንት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።

ነገር ግን እውነት ሁልጊዜ እንዲህ ይጠቅማል ብዬ ብጽፍ ራሴ በሐሰት መመስከሬ ነው። በኅዳር 1928 ዓ.ም መጨረሻ፣ የእንግሊዙ ሰር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ ምድር ቈርሰው ለኢጣሊያ ሊሰጡ በምሥጢር የተስማሙበት ዕቅድ በፓሪስ ጋዜጦች በወጣ ጊዜ፣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቈጣ፣ ሆርም በጥቂት ቀን ውስጥ ሥልጣኑን ለቀቀ። ዕቅዱ በእውነተኛ ጽሑፉ ስለ ታተመ ሞተ። ነገር ግን አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ አዲስ አበባ ተያዘች። እውነቱ ሴረኞቹን አሳፈረ እንጂ ከኢጣሊያ አውሮፕላን የሚዘንበውን የመርዝ ጋዝ አላቆመም። የምስክርነት ዕዳ የሚከፈለው ስለሚያተርፍ አይደለም፤ ሕዝቅያስም ደብዳቤውን ሲዘረጋ የአሦር ሠራዊት ገና አልተመለሰም ነበር።

ነገሥታታችንም ይህን መንገድ ያውቁት ነበር። በ1899 ዓ.ም እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ ያለ ኢትዮጵያ ተዋውለው ጽሑፉን ለዐፄ ምኒልክ ባቀረቡ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ውሉ እንደ ደረሳቸው፣ ስላስታወቋቸውም ነጻነታቸውን ለማክበር ስላሰቡም እንደሚያመሰግኑ፣ ነገር ግን ይህ ውል የመንግሥታቸውን የበላይ መብት በምንም እንደማይወስን መለሱ። ቃላቸውን አላጣመሙባቸውም፤ ያሉትን እንዳሉት ተቀብለው፣ ያላሉትንም ሳይጨምሩ፣ በዚያው ቃል አሰሯቸው። ላቫልና ሙሶሊኒ ደግሞ ታኅሣሥ 29 ቀን 1927 ዓ.ም፣ በልደት በዓላችን ቀን፣ ሮማ ላይ ሲፈራረሙ ለዓለም የታተመ ክፍል ነበራቸው፣ ያልታተመም ክፍል ነበራቸው፤ እኛን የጎዳን ያልታተመው ነው። የኃያላንን የጋራ መግለጫ የሚያነብ ሁሉ ይህን እንዲያስታውስ እመክራለሁ፤ የተጻፈውን በታማኝነት ካላነበበ፣ ያልተጻፈው የት እንዳለ ሊገምት አይችልምና።

የተቃራኒውን መንገድ ፍሬ ለማየት የወራሪውን አገር ጋዜጦች መመልከት ይበቃል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ሊናገሩ በቆሙ ጊዜ፣ ከላይ በጋዜጠኞች ስፍራ የተቀመጡት የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አወኩ፤ የሮማንያው ቲቱሌስኮ አስወጡልን ብሎ እስኪጮኽ፣ ጠባቂዎችም እየጎተቱ እስኪያስወጧቸው ድረስ። እነዚህ ሰዎች በዚያ የተቀመጡት ለመስማትና ለሕዝባቸው ለመንገር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ቀን ከአውሮፕላን ስለ ዘነበው የመርዝ ጋዝ ሲመሰክሩ፣ ሰሚው የኢጣሊያ ሕዝብ ጭምር ሊሆን ይገባው ነበር። የኢጣሊያ መንግሥት በጋዙ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በፈረንጆች 1996 ነው፤ በመካከሉ ስድሳ ዓመት አለፈ፣ አንድ ሙሉ ትውልድም አባቶቹ ያደረጉትን ሳያውቅ ሞተ። የኮርየሬ ዴላ ሴራ ወኪል የነበረው ቺሮ ፖጃሊ በየካቲት 1929 ዓ.ም በአዲስ አበባ የሆነውን ዕልቂት በዓይኑ አይቶ በግል ማስታወሻው ጻፈው፤ ያ ማስታወሻ የታተመው ግን በ1971 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው። ጋዜጣው ያላተመውን ሳጥኑ ጠበቀው። የዚህን ሰው ሕሊና ልፈርድበት አልደፍርም፤ በሳንሱር ሥር የሚጽፍ ሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅ አስባለሁ። ነገር ግን የሐሰት ምስክርነቱ መጀመሪያ የጎዳው ኢትዮጵያውያንን ሆኖ ሳለ፣ ለረጅም ዘመን አሳውሮ ያኖረው የገዛ አንባቢውን መሆኑ አይካድም።

ይህን ስል ጋዜጠኛ የወገኑን ጦር ስፍራና ቍጥር ለጠላት ይግለጥ ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የራስን ምሥጢር መጠበቅ ሌላ፣ የሌላውን ቃል ማጣመም ሌላ። ዝም ማለት የሚፈቀድበት ጊዜ አለ፤ ያልተባለውን ተብሏል ማለት የሚፈቀድበት ጊዜ ግን የለም። የጠላትን ቃል በታማኝነት የሚያስነብብ ሰውም ስለ ጦርነቱ ፍትሕ የሚያመነታ ነው ብሎ መጠርጠር ታላቅ ስሕተት ነው። ሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ የወራሪውን ትእዛዝ በሚገባ ሰምተው፣ ምን እንደ ጠየቃቸው በሚገባ ዐውቀው ነው እንቢ ያሉት፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም በጥይት የወደቁትም በዚህ ነው። ዕዳው ለጠላት የሚከፈል አይምሰለን። ዕዳው ትእዛዙን ለሰጠው ለእግዚአብሔርና በቅጥሩ ላይ ተቀምጦ የራሱን ሕይወት ለሚያስይዘው ሕዝብ ነው፤ የሚሞተው እርሱ ነውና ስለ ምን እንደሚሞት ሊነገረው ይገባል።

መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም የግብጽ፣ የኤርትራና የሶማልያ መሪዎች አሥመራ ላይ ተሰብስበው ስለ አካባቢያችን የጋራ መግለጫ አወጡ። እነዚህን መንግሥታት በዚህ ጽሑፍ ከበርሊኖቹ ጋር አላስተካክልም፣ ጠላትም አልላቸውም፤ እግዚአብሔርም ከእነርሱ ጋር ከመዋጋት ይጠብቀን። የማነሣው ስለ እኛ አነባበብ ነው። መግለጫው ስለ አገሮች ሉዓላዊነትና የግዛት አንድነት መከበር በግልጥ የሚናገር፣ ማንም ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ ሆኖ ሳለ፣ በአውቶቡስም በባቡርም በቤተ ክርስቲያን ደጅም ስለ እርሱ ሲከራከሩ ከሰማኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚናገሩት ከሌላ ሰው አስተያየት ነበር፤ ጽሑፉን ራሱን ያነበበ እጅግ ጥቂት ነው። በካርቱሙ ጸሐፊ ዘመን ወረቀቱ በአውሮፕላን እስኪበተን ይጠበቅ ነበር፤ ዛሬ በአያት ያለ ወጣት ጽሑፉን ከእጁ ስልክ ላይ በአንድ ደቂቃ ሊያገኘው ይችላል።

ስለዚህ በአዲስ አበባ ጋዜጣና ራዲዮ ለምታዘጋጁ ወንድሞቼና እኅቶቼ የማቀርበው ልመና አንድ ነው። ስለ አገራችን ማንም፣ ወዳጅም ባላጋራም፣ የጋራ መግለጫ ባወጣ ቀን፣ ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትክክለኛ አማርኛ አውጡት፤ ፍርዳችሁን ከእርሱ ለይታችሁ፣ ስማችሁን ጽፋችሁ፣ በፈለጋችሁት ብርታት ጻፉ። እናንተም አንባቢዎች፣ ጽሑፉን ሳያሳዩ ቍጣውን ብቻ የሚያቀርቡላችሁን ጽሑፉ የት አለ ብላችሁ ጠይቋቸው።